በሐረና ጫካ በቀቀን ስንቆጥር

ወፍ ቆጣሪ ያደረገኝ ሳቄ ነው።

በሰባዎቹ መጀመሪያ ጎባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ መስመር አገናኝ ነበር። ሥራው ተመችቶኛል። ወንበር አለኝ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለኝ፤ ለጎባ ብርድ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አንድ ቀን ታዲያ አንድ ካድሬ አዲስ አበባ ላለ አለቃው ስለ ድንች ምርት ሪፖርት ሲያደርግ መስመሩን ከጆሮዬ መንቀል ረሳሁ። ረሳሁ ነው የምለው፤ እናንተም እንደዚያው ያዙልኝ። ሰውየው «ጭቁኑ ገበሬ ያመረተው ድንች» ለማለት ቸኩሎ «ጭቁኑ ድንች» አለ። እኔ ሳቄን መያዝ የማልችል ሰው ነኝ። ሳቄ ጎባም አዲስ አበባም እኩል ተሰማ።

በሳምንቱ «በሥነ ሥርዓት ጉድለት» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶኝ ወደ ደን ቢሮ ተዛወርኩ። ሌላው ሰው ለዚህ ያህል ታስሯል፤ እኔን ግን ለዛፍ ሰጡኝ።

የደን ቢሮው ኃላፊ አቶ ባዳሳ የአጋርፋ ሰው ናቸው። ትልቅ ሰውነት፣ ቀስ ያለ ንግግር፣ ግድግዳውን ሙሉ የሸፈነ ካርታ። ደብዳቤዬን አንብበው ቀና አሉና፣

«ቀመር፣ ጆሮሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጆሮዬማ ደህና ነው። ችግሬ አፌ ላይ ነው።»

«ለምፈልግሽ ሥራ አፍ አያስፈልግም» አሉና ካርታው ፊት አቆሙኝ። ሐረና ጫካ ውስጥ የመንግሥት የእንጨት መሰንጠቂያ አለ። አንዱን የጫካ ክፍል ቆርጦ ጨርሶ አጠገቡ ያለውን፣ ትልልቅ ዝግባ የሞላበትን ክፍል ጠይቋል። የክፍለ ሀገሩ የፕላን ኮሚቴ ደግሞ «ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?» ብሎ አቶ ባዳሳን ጠይቋል።

«ዛፍ የደረሰበትን ቶሎ አይናገርም» አሉኝ። «ጫካው ተጎድቶ ሳለ ላዩ አረንጓዴ ነው። ወፍ ግን ካልተመቸው ጥሎ ይሄዳል። በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ በአንድ መንገድ እየሄድን ከቆጠርን የትኛው ቦታ እንደጎደለ እናውቃለን። ያንን አይተን የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ይተው እንላለን።»

እኔ የገባኝ ወንበሬና ምድጃዬ እንደቀሩ ብቻ ነው።

ያሳደገችኝ የአባቴ እህት አዳዳ ሎሚ ሮቤ ገበያ ላይ ጨርቅ ትነግድ ነበር። ነገሩን ስነግራት የምትለካውን ጨርቅ አስቀመጠችው።

«ወፍ? አላህ የፈጠረውን ወፍ መንግሥት ምን አግብቶት ይቆጥራል? ግብር ሊጥልባቸው ነው?»

«ለጥናት ነው አዳዳ።»

«ያላገባች ልጅ ጫካ ገብታ ወፍ ትቆጥራለች። ይህንን ለሰው እንዴት ብዬ ልንገር? ደግሞ እዚያ ሄደሽ እንዳታፏጪ! ሴት ልጅ ስታፏጭ ሸይጧን ይመጣል።» ፉጨት የልጅነት አመሌ ነው። በዚህ የተነሣ ከእሷ እጅ የቀመስኩትን ቁንጥጫ አሁንም ክንዴ ያስታውሰዋል።

አብሮኝ የተመደበው ዘይነዲን የሚባል የሮቤ ልጅ ነበር። የደን ትምህርት ተምሮ የመጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ መነጽር የማይለየው። ላንድሮቨሩ ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን ከፍታ ሲያቋርጥ እኔ ከብርዱ የተነሣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ያለማቋረጥ አወራሁ። እሱ ግን ሐረና እስክንደርስ የተናገረው «መስኮቱን ዝጊው» የሚል ብቻ ነው። ይሄ ሰው ለስልክ ደንበኝነት አይሆንም ብዬ በልቤ ሰረዝኩት።

ጫካው ውስጥ የመጀመሪያው ሳምንት ለእኔ ክብር የሚጨምር አልነበረም። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ ከእግሬ በሚሰፋ ቦቲ ጫማ፣ በየዳገቱ ተንሸራትቻለሁ። አንድ ጠዋት ከቁጥቋጦ ውስጥ ከርከሮ ዘሎ ወጣ። ዛፍ ውጡ ሲባል የሰማሁት ትዝ አለኝና ያገኘሁትን ግንድ አቅፌ ተንጠለጠልኩ። እኔ ከወገቤም ከትከሻዬም ሞላ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ከመሬት ከፍ ያልኩት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ከርከሮው ቆሞ አየኝ። እሱም እንደ መሳቅ ያለ ይመስለኛል። ዘይነዲን ሲደርስ ግንዱን እንዳቀፍኩ ነበር።

«ሄዷል» አለኝ።

«አውቃለሁ። ዛፉን እየለካሁ ነው።»

ሥራው እንዲህ ነው። ሦስት ቦታ ተመርጧል፦ ያልተቆረጠው የዝግባ ጫካ፣ መሰንጠቂያው የቆረጠው፣ እና ገበሬዎች ሥሩን መንጥረው ቡና የሚለቅሙበት። በየቦታው ምልክት የተደረገባቸው ዛፎች አሉ። ጎህ ሲቀድ ከመጀመሪያው ዛፍ ሥር ትቆማለህ፤ ወፎቹ አንተን እስኪረሱህ ዝም ትላለህ፤ ከዚያ ያየኸውንና የሰማኸውን ትጽፋለህ፤ ወደሚቀጥለው ዛፍ ትሄዳለህ። ዘይነዲን ከሸለቆው በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል እንሄዳለን። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር፤ መጣራትና ማፏጨት ክልክል ነው። «ጠርተሽ ካመጣሽው እዚያ የነበረ ወፍ አይደለም» አለኝ ዘይነዲን። ከእሱ ከሰማኋቸው ረጅም ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

ቀስ በቀስ ጆሮዬ ጫካውን ለመደው። ሶሪት እንደ ኃይለኛ ሽማግሌ ከጉሮሮዋ ታጉረመርማለች። ጋጋኖ ገና ሳይነጋ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ግንደ ቆርቁር አናጢ ይመስላል። ቡናው ዘንድ ከላይ ያሉት ወፎች ብዙ ናቸው፤ ቁጥቋጦው ስለተመነጠረ ግን መሬት ለመሬት የሚለቅሙት ጠፍተዋል። ዝግባው ዘንድ ደግሞ በቀቀን አለ። አረንጓዴ ሆኖ ግንባሩ ቢጫ ነው፤ ባረጁ ዛፎች ቀዳዳ ውስጥ ይፈለፍላል። አቶ ባዳሳ ከሁሉ በላይ እሱን ቁጠሩ ብለውናል፤ ያረጀ ዛፍ ከሌለ እሱም የለምና።

መከራዬ የመጣው ከተቆረጠው ቦታ ነው። ጉቶ፣ እሾህ፣ ጭጋግ፣ ዝምታ። ለአንድ ወፍ ብዬ ስቆም ስቆም እግሬ ይደነዝዛል። ማውራት የለመደ ሰው ዝም በል ሲባል ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። አንድ ጠዋት ማንም የለም ብዬ የበቀቀኑን ፉጨት አንድ ጊዜ ለቀቅኩት። ለነገሩ አሳምሬ ነው የማፏጨው።

ከሸለቆው ማዶ መለሰልኝ!

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ጻፍኩት። ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄጄ ደገምኩ፤ አሁንም ትንሽ ራቅ ብሎ መለሰ። ሌላ በቀቀን ነው ብዬ ጻፍኩ። ማፏጨቴን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የሚገርመው ማታ ድንኳን ውስጥ ስንገናኝ ዘይነዲንም ከተቆረጠው ቦታ ብዙ በቀቀን ሰምቷል። «በእኔም በኩል ነበሩ» አለኝ አይኑን ሳያነሣ። ሁለት ሰው ከሁለት አቅጣጫ የሰማው ነገር ምን ጥርጥር አለው?

አቶ ባዳሳ የክረምቱን ቆጠራ ውጤት ሲያዩ ግራ ገባቸው። ካርታቸውን ደጋግመው አዩ። ግን ሐቀኛ ሰው ናቸውና ያልጠበቁት ቢሆንም ያገኘነውን ለኮሚቴው አቀረቡ። መሰንጠቂያው ፈነጠዘ። «ስንቆርጥ እንዲያውም በቀቀን ይበዛል!» ተባለ። የዝግባው ጫካ እንዲቆረጥ ለመወሰን አንድ ስብሰባ ብቻ ቀረ፤ እኛም ለማረጋገጫ በበጋው አንዴ እንድንቆጥር ታዘዝን።

በዚያ በበጋው ቆጠራ ጭጋጉ እንደ ነጠላ የተዘረጋበት ጠዋት ነበር። ከተቆረጠው ቦታ ቆሜ አፏጨሁ። መለሰ። ዛሬ ግን ቅርብ ነው። ልየው ብዬ ጎንበስ ብዬ ወደ ሸለቆው ወረድኩ። እንደገና አፏጨሁ፤ ይበልጥ ቀረብ ብሎ መለሰ። እየመጣልኝ ነው! ጉቶ ሥር ተደብቄ፣ መነጽሬን አይኔ ላይ ደቅኜ፣ በጣም በሚያባብል ድምፅ አንድ ጊዜ ጠራሁት። ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ቦቲ ጫማ ወጣ። ቀጥሎ ረጅም እግር። ከዚያ ከንፈሩን እንዳሾለ ዘይነዲን።

«አንተ ነህ?» አልኩት።

«አንቺ ነሽ?»

«በቀቀኑስ የት ሄደ?» አልኩት። ይህን ሁሉ አይቼ ገና አልገባኝም ነበር።

ከንፈሩን ወደ ቦታው መለሰ። «ቀመር፣ አሁን ያፏጨሽው አንቺ ነሽ?»

«እ… አንድ ጊዜ ብቻ።»

«በክረምቱ ቆጠራስ?»

ጎንበስ ብዬ ከቦቲዬ ላይ ጭቃ መፋቅ ጀመርኩ። እሱም እንዲመልስ አልጠየቅኩትም፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ጉቶው ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ እሱ ነው የጀመረው። ያ «መስኮቱን ዝጊው» ብቻ የሚያውቅ ሰው ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ፤ እኔማ ሳቅ ልማዴ ነው። እሱም እንደ እኔው ብቸኝነት በዝቶበት አንድ ቀን አፏጨ፤ አንዲት በቀቀን መለሰችለት፤ ከዚያ ወዲህ እሷን ለመስማት ሲል ብቻ ማለዳ በጉጉት ይነሣ እንደነበር ነገረኝ። «ድምፅዋ ከሌሎቹ ይለይ ነበር» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከወንድ ሰምቼ አላውቅም። የተነገረው ለወፍ መሆኑ ትንሽ ቅር አሰኘኝ እንጂ።

ወዲያው ዝግባዎቹ ትዝ አሉኝና ሳቄ ከመሃል ተቆረጠ። በእኛ ፉጨት ጫካ ሊወድቅ ነው።

«ከተናገርን አሻጥር ይሉታል» አለ ዘይነዲን። ልክ ነበር። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን እንናገር ያልኩት እኔ ነኝ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ይህን የመሰለ ነገር ይዤ ዝም ማለት እንደማልችል ራሴን ስለማውቅ ነው። ወር ሳይሞላ አንዱ ለቅሶ ቤት ላይ ያመልጠኛል። ከዚያ ተይዞ ከመናገር ቀድሞ መናገር ይሻላል።

አቶ ባዳሳ ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም፣ አቶ ባዳሳ።»

«ያ ዋቃዮ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩ፣ ራሳቸውን ይዘው። ወደ ካርታው ዞረው፣ «ይህን እኔ ኮሚቴ ፊት በአፌ አልለውም። ከንፈሩን ያሾለው ይናገር» አሉ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ሸዋዓለም ይባላሉ። ሲናገሩ ድምፃቸውን አያነሡም፤ በዚህ የተነሣ ሰው ይበልጥ ይፈራቸዋል። አዳራሹ ውስጥ የባለ ጢሞቹ አብዮተኞች ሥዕሎች ከላይ ያዩኛል፣ ኮሚቴው ከፊት ያየኛል፣ የመሰንጠቂያው ተወካይ ከጎን ፈገግ ብሎ ያየኛል። ሌሊቱን ሙሉ «በአሠራር ላይ ስለታየው ጉድለት» የሚል ንግግር ሸምድጃለሁ። ስነሣ ሁሉም ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በቀቀኑ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ምን አልሽ?»

ከኋላ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ዘይነዲን ነው የቆመው። «ጓድ፣ ሌሎቹ በቀቀኖች ደግሞ እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀና በሳል ሸፈነው። ጓድ ሸዋዓለም አልሳቁም። እየተንተባተብን አስረዳን፤ ፉጨቱን፣ ሸለቆውን፣ ጭጋጉን። ጨርሰን ስንቆም፣

«ይህ አሻጥር ነው ወይስ ቂልነት?» ብለው ጠየቁ።

«ቂልነት ነው ጓድ!» አልኩ ሳይጨርሱት። በሕይወቴ ለቂልነቴ እንደዚያ ቀን ተከራክሬለት አላውቅም። «ንጹሕ ቂልነት ነው። ሌላ ምንም አልተቀላቀለበትም። ቢሮዬን ይጠይቁ፣ አክስቴን ይጠይቁ።»

የመሰንጠቂያው ተወካይ ዘሎ ተነሣ። «ውሸት ነው! ጫካው እንዳይቆረጥ የፈጠሩት ነው። እኔ ራሴ እዚያ ቦታ በቀቀን ሰምቻለሁ!»

«መቼ?» አሉ ጓድ ሸዋዓለም።

«ባለፈው ክረምት፣ እነሱ እዚያ በነበሩ ጊዜ።»

ዘይነዲን ፈቃድ እንኳ ሳይጠይቅ ከኋላ አፏጨ። ከንፈሬ በፍርሃት ደርቆ ነበር፤ አርጥቤው መለስኩለት። አዳራሹ ውስጥ ሁለት በቀቀን ተነጋገረ። ተወካዩ ያለፈቃዱ «ይኸው! ይኸው ነው የሰማሁት!» አለና አፉን ያዘ። ያኔ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ሸዋዓለም መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ሲያብሱ ቆዩ። ሲያነሡት ፊታቸው እንደ ቀድሞው ነበር፤ አይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

ውሳኔው እንደገና እንዲቆጠር ሆነ። በዚህኛው ዙር ግን ከእያንዳንዳችን ኋላ አንድ አንድ የኮሚቴው ሰው ከንፈራችንን እየጠበቀ ይከተለን ነበር። እኔን የሚጠብቀኝ ሰው በየዛፉ ሥር ቆሞ እንቅልፍ ስለሚጥለው አንዳንዴ እኔው ነኝ የምቀሰቅሰው። ከተቆረጠው ቦታ በላያችን አልፎ ከሚበርር በቀር አንድም በቀቀን አላገኘንም። ዝግባው ዘንድ ግን ከየቀዳዳው ጭንቅላታቸውን እያወጡ ይጮኹብን ነበር። እኛ ያፏጨነው ከእነሱ ድምፅ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ቀሽም እንደነበረ ያኔ ነው የሰማሁት። የተታለለው ሰው ብቻ ነው፤ እውነተኛ በቀቀን አንድም ቀን አልመለሰልንም።

አቶ ባዳሳ የዝግባው ጫካ ሙሉ በሙሉ እንዲቀር፣ ቡና ለቃሚዎችም ሥሩን ሁሉ እንዳይመነጥሩ፣ በወንዙ ዳር ቁጥቋጦ እንዲተዉ ጠየቁ። ያገኘነው ግማሹን ነው። ከወንዙ በላይ ያለው ተተወ። ከወንዙ በታች ያለው ተቆረጠ፤ ቀዳዳ ያላቸው ያረጁ ዛፎች ግን ነጭ ቀለም ተቀብተው እንዲቆሙ ታዘዘ። ቀቢዎቹ እኛ ነበርን። ከዛፉ ይልቅ እኔ ላይ የፈሰሰው ቀለም ይበልጣል፤ መሰንጠቂያው እኔንም ሊቆርጠኝ አይችልም ማለት ነው። ከተቀቡት ውስጥ በኋላ በችግር ጊዜ በስውር የተጋደሙ አሉ። ሁሉም ቆመዋል ብዬ አልዋሽም።

ቅጣትም አልቀረልን። በውይይት ክበብ ላይ ቆመን ግለ ሂስ እንድናደርግ ተደረገ። እኔ «ያለ ዕቅድ አፏጭቻለሁ» አልኩ። ዘይነዲን «ያለ ማጣራት መልሻለሁ» አለ። ጸሐፊው ሳይስቅ መዘገበው።

ከዚያ በኋላ ዘይነዲን ሽማግሌ ላከ። አዳዳ ሎሚ ሽማግሌዎቹን «ልጁ የት አያት?» ብላ ጠየቀች።

«እዚያው ጫካ ነው፣ ሥራ ላይ።»

«ምን ስታደርግ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሮቤ ሰው ነገሩን ያልሰማ አልነበረምና አንዱ «ስታፏጭ ነው አሉ» አላት። አዳዳ ወደ እኔ ዞረች። «ሸይጧን ይመጣል ብዬሽ ነበር። ይኸው መጣ» አለችና ሰጠችኝ። ወላሂ፣ በሠርጉ ቀን ከሁሉ የበለጠ የሳቀችው እሷ ናት።

ልጆች ወለድን፤ ጎባ ቤት ሠራን። ቆጠራውን ግን አልተውነውም፤ በየዓመቱ በበጋና በክረምት መግቢያ፣ ዝም ብለን፣ እኔ በዚህ እሱ በዚያ። የዝግባው በቀቀን አልጎደለም። ቡናው ዘንድ ቁጥቋጦ የተዉት ገበሬዎች ጋ የመሬት ወፎቹ ጥቂት በጥቂት ተመለሱ፤ ያልተዉት ጋ አልተመለሱም።

ሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ አገር ተደበላልቆ ነበር። ደሞዝ ቆሟል፣ ቢሮው ተዘግቷል። ዘይነዲን ቅሪ ብሎ ለመነኝ፤ እኔ ግን አንድ ዓመት ከተዘለለ ያለፈው ሁሉ ይበላሻል ብዬ ድርቅ ስል እሱም ተከትሎኝ መጣ። ከወንዙ በላይ ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ ሳለሁ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ወታደር ነው። መሣሪያ የለውም፣ መለዮው ተቀዷል፣ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አለ። ከእኔ ወገብ በሚቀጥን ዛፍ ጀርባ ተደበቅኩ።

«እትዬ፣ ከሁለት በኩል ይታዩኛል» አለ በድካም። «አይዞዎት። ምን እያደረጉ ነው?»

«ወፍ እየቆጠርኩ።»

«አሁን?»

«ወቅቱ አሁን ነው።»

ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ከስንቄ ቂጣ ሰጠሁት። ላይ ከቀዳዳው አንድ በቀቀን ብቅ ሲል መነጽሬን አቀበልኩት። ብዙ ጊዜ ጠመንጃ እንደያዘ በሚያስታውቅ አያያዝ፣ አንድ አይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ አየው። ቆየ። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት እየላላ ሲሄድ አየሁት።

«ጥርስ ያለው ይመስላል» አለ።

«ምንቃሩ ነው።»

መነጽሩን በሁለት እጁ መለሰልኝ። «የዶዶላ መንገድ በየት ነው? ቤተሰቦቼ እዚያ ናቸው።»

ወንዙን ተከትሎ ሄዶ የት ላይ እንደሚሻገር፣ የትኛው መንደር ሰው እንደሚያስጠጋ ነገርኩት። የዘይነዲንን ትርፍ ቦቲ ጫማ ከድንኳኑ አምጥቼ ሰጠሁት፤ ሰፋው፣ ግን አደረገው። ሲሄድ በዛፎቹ መካከል እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ወደ ሥራዬ ስመለስ ፀሐይዋ ወጥታ ወፎቹ ዝም ብለዋል። በዚያን ቀን ለዚያ ዛፍ የጻፍኩት «አንድ በቀቀን» ብቻ ነው።